ጨርቁና አባየ

ዛሬ እዚህ ሱዳን፣ ሾዋክ ገበያ አንድ ነጋዴ የሰሊጥ ጆንያ ሲፈታ ሽታው አፍንጫየን ሞላው፤ ሰሞኑን ደግሞ መጻፍ እንደ ልብ ሆኖልኝ ያየሁትን ሁሉ ካልጻፍሁ አላርፍ ብያለሁና፣ ስፈራው የኖርሁትን ይህን ልጻፈው።

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አባየ ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ ያጭዳል። ታጭዶና ታስሮ እንዲደርቅ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ክምር ሂላ እንለዋለን፤ ሠራተኛው ሁሉ የማን እንደሆነ እንዲለይ ባቆመው ሂላ ፊት ምልክቱን ይተክላል። የአባየ ከእናቴ ሻሽ የተቀደደ አረንጓዴ ጨርቅ ነበር። ያገሩ ልጅ፣ አንድ ላስቲክ ሥር አብሮት የሚያድረው አያ ሙላው ግን እንጨት ላይ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ ሰክቶ ነበርና፣ አላፊ አግዳሚው ጫማውን «ሙላው፣ እንደምን አደርህ?» ሲለው፣ እሱ ከወዲያ ማዶ ጎንበስ እንዳለ «ተማም!» ብሎ ይመልሳል። እኔም ጫማው ራሱ አያ ሙላው፣ ጨርቁም አባየ ይመስለኝ ነበር።

ቀድሞ የጨረሰ በቅዳሜው ትራክተር ገዳሪፍ ከተማ ይሄዳል፤ አባየም ይዞኝ ሊሄድ ቃል ገብቶልኛል። በዚያ ሳምንት ግን ወባ ጣለውና የሱ ሂላ ጥቂት፣ የአያ ሙላው ብዙ ሆነ። ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ ሄጀ ጨርቁንና ጫማውን አለዋወጥኋቸው። ጨርቁ የሄደበት ሁሉ አባየ የደከመበት የሚሆን መስሎኝ ነበር እንጂ፣ አያ ሙላው የሚያጣው ነገር መኖሩ ትዝም አላለኝ።

የእርሻው ወኪል መጥቶ አየና «ኸላስ፣ ባለ ጨርቁ ጨርሷል» አለ። አያ ሙላው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀጥሎ አባየን አየው።

«ያንተ ወባ ለካ እጅ አለው? አብረን እየበላን? ሐራሚ!»

ሌባ ማለቱ ነው። አባየ ጨርቁን አየ፣ ጣቶቼ ላይ ያለውን አፈር አየ፣ «አጥፍቻለሁ ሙላው» አለ። እኔ እጆቼን ከኋላየ ደበቅሁ። አያ ሙላው ላስቲኩን ለሁለት ቀደደና ድርሻውን ጠቅልሎ ወደ ቁረይሻ ሄደ፤ አባየም ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ላስቲክ አልተጋራም።

እስከዚህ ያለውን ለአባየ አነበብሁለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል ልጄ» አለ። «በይ አሁን ለሙላው አንብቢለት።»

እዚህ ሱዳን ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግን አያ ሙላውን አየሁት የሚል ሰው የለም።