ለጠራት ሁሉ የምትመልስ

ሰውየውን ሠፈሩ «ሺ አፍ» ይለዋል። የባዕድ ፊልሞችን ወደ አገሩ ቋንቋ መልሶ ድምፅ የሚያለብስ ሰው ነው። ንጉሡም እሱ፣ ሌባውም እሱ፣ ሌባውን የሚያሳድደው ፖሊስም እሱ። ራሱን በጥፊ መትቶ ራሱ «ወይኔ!» ይላል እያሉ ይስቁበታል። የሴቶቹን ድምፅ ሚስቱ ነበረች የምትሠራው። እሷ ካረፈች ዓመት አልሞላም።

ስቱዲዮ የሚሉት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ጠባብ ቤት ነው። ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ስለተለበጠ፣ በሩ ሲዘጋ ሰው የገዛ ትንፋሹን ይሰማል። አብሮት የሚውለው የድምፅ ባለሙያው «ጆሮ» ነው። ጆሮ ምንም ነገር አይጥልም። የተዋንያኑን ሳቅ፣ ሳል፣ ልቅሶና ጩኸት ኮምፒውተሩ ላይ ያጠራቅምና ለሌላ ፊልም ሲያስፈልግ አውጥቶ ይለጥፋል። የሺ አፍ ሚስት ከሞተች ወዲህም ሳቋ በአንዱ ፊልም ሠርግ ቤት፣ ሳሏ በሌላው ሆስፒታል ተሰምቷል። ሺ አፍ ያውቃል። ሳቋ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያጠብቃል፤ ሲያልፍ ቀና ይላል።

በዚያ ሰሞን የያዙት የአንድ ኃያል ጀግና ፊልም ነበር፤ ከሰማይ የመጣ፣ የሚበር፣ እሳት የማይበላው ሰው። ሺ አፍ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምእመናኑ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያነብ ስለሆነ፣ አንድ ሽማግሌ «በዚያው አፍህ የሐሰት አዳኝ ታናግርበታለህ?» ብለው ተቆጡት።

«ጨዋታ እኮ ነው አባባ። ልጆቹም ያውቁታል» ብሎ አለፈ።

ከልቡ ነው ያለው። ሰው አዳኝ መናፈቁ ፈጣሪ ያሳደረበት ረሃብ ነው ብሎ ያምናል። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው፤ ይህ ጀግና ዓለሙን ሁሉ ሲያድን ገላው ላይ ጭረት እንኳ አይገኝም። ሺ አፍ የሚያመልከው ጌታ ግን ከሞት ሲነሣ እንኳ ቁስሉን ይዞ ነው የተነሣው።

በመጨረሻው ትዕይንት ጀግናው የሚወዳት ሴት መቃብር ፊት ቆሞ እጁን ይዘረጋና «ተነሺ!» ይላል። ሴቲቱ ዐይኗን ገልጣ ትመልሳለች፤ ሕዝቡም ለጀግናው ይንበረከካል። የሴቲቱን ድምፅ የምትሠራው አዲሷ ተዋናይ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ቀርታ ነበርና፣ ጆሮ ካጠራቀመው ውስጥ አንድ ቃል መርጦ ለጠፈላት። ለሺ አፍ ሳይነግረው ምስሉን ለቀቀው።

ሺ አፍ ደረቱን ነፍቶ በጀግናው ድምፅ «ተነሺ!» አለ።

«አቤት» አለች ሚስቱ።

ማዳመጫውን ከጆሮው አነሣና ወደ ኋላው ዞረ። ካርቶንና ስፖንጅ ብቻ ነው ያለው።

«ምነው? ልክ ነው እኮ» አለ ጆሮ ከመስታወቱ ማዶ።

«መልሰህ አምጣው። በድምፅ ማጉያው ልቀቀው።»

ጆሮ ለቀቀው። «ተነሺ!» «አቤት።» እንደገና። «ተነሺ!» «አቤት።» ሺ አፍ አንድም ጊዜ ይብቃ አላለም። ቀጥሎ ምስሉን አስመልሶ፣ የጀግናውን ነጎድጓድ ተወና በራሱ ድምፅ፣ ከሥራ ሲገባ ከደጅ እንደሚጠራት አድርጎ ቀስ ብሎ ጠራት።

«አቤት» አለች። ያው ቃና ነው። ለባዕዱም ለባሏም፣ ያው።

ጆሮ የጓደኛው ፊት መገርጣቱን አየና በቀልድ ሊያዋዛው ፈለገ። «እስኪ ደግሞ እኔን ትሰማኝ እንደሆነ!» ብሎ ትዕይንቱን መለሰና አፍንጫውን ይዞ «ተነሺ!» አለ።

«አቤት።»

ሳቁ ከአፉ ሳይወጣ ሞተ።

በሩ ተከፈተ። የሚስቱ እናት ናቸው፤ ዘወትር ምሳውን ይዘውለት ይመጣሉ። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጃቸው አቅፈው የበሩ ደፍ ላይ ቆመዋል።

«ልጄን ማን ነው የጠራት?»

«ፊልም ነው እማማ፤ የድሮ ቅጂ ነው» አለ ጆሮ እየተንተባተበ።

«አንተን አልጠየቅሁም።» ገብተው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ እጁን እንደዘረጋ የቆመውን ሰውዬ ለረጅም ጊዜ አዩትና ወደ አማቻቸው ዞሩ። «እስኪ አንድ ጊዜ ጥራት፣ ልጄ።»

ሺ አፍ የፈራው ይህንን ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ ነው። ነገም አንድ ጊዜ ይሆናል። እሳቸው በየቀኑ ይመጣሉ፤ እሱም በየቀኑ ይጠራል። ትንሣኤን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች የኮምፒውተር ደጅ ጠኚ ሆነው ይቀራሉ።

«እማማ፣ ይቅርብን።»

«ምን ይጎዳሃል? ለአንተ ሚስትህ፣ ለኔ ልጄ!»

«ይህቺ ለጠራት ሁሉ ነው የምትመልሰው። ይኸው ጆሮንም አፍንጫውን ይዞ ሲቀልድ ‹አቤት› አለችው። የኛይቱ በማን ድምፅ እንደምትነሣ እርስዎም ያውቃሉ።»

አሮጊቷ ምሳ ዕቃውን ከእቅፋቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አውጣው» አለው ሺ አፍ ጆሮን። «ከፊልሙም ከማከማቻውም።»

«ያለ መልስ አፏ ባዶውን ይከፈታል እኮ! ሰው ይስቅብናል።»

«ተዋናይዋ እስኪሻላት ባዶውን ይቆይ።»

ጆሮ አጠፋውና መጥፋቱን ለማረጋገጥ ምስሉን ከመጀመሪያው ለቀቀው። የጀግናው ድምፅ «ተነሺ!» ብሎ ክፍሉን አናወጠው። የሴቲቱ ዐይን ተገለጠ፣ ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ምንም አልወጣም። ሺ አፍ ሳያስበው አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ነበር። ጀግናው እጁን እንደዘረጋ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

«ደግ አደረገች» አሉ አሮጊቷ ዐይናቸውን ከሰውዬው ላይ ሳይነቅሉ። «ድሮም ለማታውቀው ሰው አትመልስም ነበር።»