ጾም የሚገባበትን ቀን ያልነገርነው ማሽን

ጽጌሬዳን አንድ ተራ የሥራ ቀን የሚያስከፍላት ይህን ነው። ከጎንደር ፒያሳ አዘዞ በታክሲ፣ ከአዘዞ ማክሰኝት በሚኒባስ፤ ወረፋውና ፍተሻው ሲደመር ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ከዕድሜዋ። መሰላል ላይ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ወጥቶ መውረድ። በዱቄት ብናኝ የመጣ፣ እሁድ እንኳ የማይተዋት ሳል። አንድ የምሳ ሳህን፣ ያውም ግማሹ ሳይበላ የሚመለስ። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ እናቷን በስልክ ለጎረቤት አደራ ትልና ማክሰኝት እኔ ቤት ታድራለች፤ ያን ቀን የምትከፍለው ለእናቷ በመጨነቅ ነው። እንዲህ ስትከፍል አራት ዓመቷ። ዘንድሮ ጥር ላይ ግን ይህን የምትከፍልበት ሥራ ራሱ ከእጇ ሊወጣ ተቃረበ።

ሥራዋ የአያ ታከለ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ማክሰኝት አራት ወፍጮ፣ አይከል ደግሞ ሁለት አላቸው። የሁሉም ሞተር፣ ሽቦና ብሬከር በእሷ እጅ ነው። እኔ እናኑ እባላለሁ፤ ማክሰኝቱ ቤት ሚዛን ላይ ተቀምጬ እህል እየመዘንኩ ቲኬት እቆርጣለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አግብቼ ወለድኩ፤ ልጄን ወንጌላዊትን አዝዬ ነው የምሠራው። ከሚዛኑ ሆኜ ወፍጮዎቹም፣ የመብራቱ ሳጥን የተሰቀለበት ግድግዳም ይታዩኛል። የምጽፈውም ያየሁትን ነው።

ጽጌሬዳ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ስታነብ ቆየች። እዚህ የመጣች ቀን ወረፋ የያዙ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አዩዋት።

«ይቺ ናት ኢንጂነሯ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሞተሩ ይከብዳታል እኮ።»

«አልሸከመውም አያ፤ አዳምጠዋለሁ» አለቻቸው።

እውነትም ታዳምጣለች። የካቻቢቴዋን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ «ኩሽኔታው ደርቋል፤ ግራሶ ስጡት» ትላለች። ሲከፈት ያለችው ነው። በዚያች ጆሮዋ ነው የተከበረችው።

ጥር መጀመሪያ ላይ አምባቸው የሚባል ሻጭ ከአዲስ አበባ አዲስ ዕቃ ይዞ መጣ። በየሞተሩ ላይ ጣት የምታክል መስሚያ ለጠፈ፤ ሽቦዎቹን ሰብስቦ ግድግዳ ላይ ወደሰቀለው ሳጥን አስገባ። ሳጥኑ ስክሪን አለው፤ በአማርኛም ይናገራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው አለን። ያለፈውን ዓመት የቆጣሪ ንባብና የእኔን የሚዛን መዝገብ በሙሉ ገለበጠለት። ሞተር ያስነሳል፣ ያቆማል፣ የትኛው እንደሚበላሽ አስቀድሞ ይናገራል።

ወፍጮው ላይ የሚቆመው አያ ሙሉሰው ነው፤ ሃያ ዓመት የፈጨ ሰው። ሳጥኑ ፊት ቆሞ እጅ ነሳ።

«አለቃ፣ እንኳን ደህና መጡ! ደሞዝ አይጠይቁ፣ አይታመሙ፣ ለቅሶ አይሄዱ!»

«ለቅሶ የማይሄድ አለቃ አንተው ዘንድ ይሁን» አለች ጽጌሬዳ። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን ፈገግ ብላ ብቻ ተወችው።

የሙከራው ጊዜ እስከ የካቲት አሥር ነበር። የጽጌሬዳ ውልም የሚያልቀው የካቲት አሥር ነው። አያ ታከለ ይህን ሲነግሯት አልሸሸጉም። «ዕቃው ያለ ሰው ከሠራ፣ ለአይከልም አስገባለሁ። ካልሠራ ውልሽን አድሳለሁ። ሌላ ምን ልበልሽ ልጄ፣ ሁለታችሁን አልችልም» አሏት።

በሦስተኛው ሳምንት ሳጥኑ ተናገረ፤ «የሁለተኛው ሞተር ኩሽኔታ እየተበላ ነው።»

ጽጌሬዳ ደነገጠች። ያን ሞተር ከሁለት ቀን በፊት በካቻቢቴዋ አዳምጣ «ሸጋ ነው» ብላ አልፋዋለች። ሄዳ እንደገና አዳመጠች። ቆየች። ሚዛኑ ጋ ስትመጣ ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

«እውነቱን ነው፤ በጣም ቀጭን ድምፅ አለ። ዕቃው ባይናገር ኖሮ እኔ የምሰማው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ አንድ ጊዜ ቢቀድምሽ ምን ይሆናል?»

«እናኑ፣ እኔን እዚህ ያቆመኝ እኮ ይኸው ነበር» አለች። ያን ቀን ምሳዋን ጭራሽ አልከፈተችውም።

በማግስቱ ሳጥኑ የጥገናውን ቀን ቆረጠ፤ «የካቲት አምስትና ስድስት የሥራ መጠን ዝቅተኛ ይሆናል። ሁለተኛው ሞተር በእነዚህ ቀናት ይውረድ።» ለሙከራው ጎንደር የከረመው አምባቸው ደውሎ ሸጋ ዕቅድ ነው አለ። አያ ታከለም ተስማሙ።

ጽጌሬዳ ግን የሚዛን መዝገቤን አስወጥታ ገለጠችው። «አምና ዓቢይ ጾም የገባው መቼ ነበር?»

«የካቲት አሥራ ሰባት።»

«ዘንድሮስ?»

«የካቲት ዘጠኝ» አልኩና ራሴው ቆም አልኩ። ዘጠኝ ሰኞ ነው፤ አምስት ደግሞ ከዚያ በፊት ያለው ሐሙስ። ቅበላ! የሽሮ ሳምንት! በዓመት ውስጥ እንደዚያ ሳምንት ሰው የሚጎርፍበት ጊዜ የለንም። ከአርባያ፣ ከደጋው፣ ከየቀበሌው የጾሙን ሽሮ ለማስፈጨት የማይመጣ የለም። ዕቃው አምናን አይቶ ግርግሩን የሚጠብቀው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ጾም ከዓመት ዓመት ቀኑ እንደሚቀያየር የነገረው ሰው የለም። አምባቸውም ጿሚ ነው፣ እኛም ጿሚዎች ነን፤ ማናችንም አልነገርነውም። ጾም መቼ እንደሚገባ ለማን ይነገራል? ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ስሚኝ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ዝም በይ። አንድም ቃል እንዳትናገሪ። ሐሙስ ይምጣና አለቃ ተብዬው በሰው ፊት ይዋረድ፤ ውልሽ ይታደሳል።»

ወፍጮዎቹን ታይ ነበር።

«ምን ታያለሽ?»

«በሦስት ወፍጮ ያን ሁሉ ሰው ሲገፉት ሞተር ይግላል። ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን ስለሚፈጭ ቮልቴጁም ይወርዳል። ሞተር ቢቃጠል ሽቦው እንደገና ይጠመጠማል። ግን እዚያ ወፍጮ ላይ የሚቆመው አያ ሙሉሰው ነው። ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ አላውቅም እያልኩ ዝም ልበል?»

ሄዳ ነገረቻቸው። አያ ታከለ እስክትጨርስ ሰሟትና አምባቸውን በስልክ አገናኟት፤ ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ኢንጂነሪት፣ ዕቃው ቁጥር ነው የሚያነበው» አለ አምባቸው። «ሰው ቢበዛም ራሱ ያስተካክላል። ሙከራ ማለት የሰው እጅ አይነካውም ማለት ነው። ከነካችሁት ውጤቱ አይቆጠርም፣ የከፈላችሁት ቀብድም አይመለስም።»

አያ ታከለ ስልኩን ዘጉ። «ይኸውልሽ ጽጌ፣ አልፈርድብሽም፤ እንጀራሽ ነው። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር» አሏት።

«አያ ታከለ፣ እኔ እኮ የምለው…»

«ገባኝ አልኩሽ። ሐሙስና ዓርብ ሳጥኑ አጠገብ ቁሚ፤ እዪ፣ ግን አትንኪ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የተናገሩት በርኅራኄ ስለነበር መሟገቱን ተወችው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ የአህያው ሰልፍ አስፋልቱን ተሻግሮ ነበር። ሁለተኛው ወፍጮ ቺንጋው ተፈትቶ ሞተሩ ወርዷል። ሦስቱ ብቻ ይጮኻሉ። እስከ አራት ሰዓት ስንት ቲኬት እንደቆረጥኩ አላውቅም።

«አንቺ ባለ ሚዛን፣ ልጅሽን አሳርፊና እኛን ሸኚን!» ትላለች አንዷ።

«እሷ ምን ታድርግ እቴ፣ ወፍጮው ዘንድሮ ከእኛ ቀድሞ ጾም ይዟል!» ትላለች ሌላዋ።

አምስት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ሞተር ድንገት ቆመ። ሞተሩ ስለጋለ ሳጥኑ አቆመው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ አስነሳው። አያ ሙሉሰው ዘሎ ወደ ኋላ አለና ሳቀ፤ «አለቃ፣ ሲነሱ እንኳ ያሳውቁ!» ሳጥኑ በእርግጥ ይናገራል፤ ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ ድምፁን ማን ይሰማዋል? ጽጌሬዳ ሄዳ «ተጠንቀቅ፣ ሳይነግርህ ይነሳል» አለችው። እሺ አላት። ግን ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ሞተር የሚያስነሳው በገዛ እጁ ነበር፤ እጁ የለመደውን አንድ ቃል አያስረሳውም። እሷም ለአያ ታከለ ደወለች። ስልካቸው አይነሳም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሦስተኛው እንደገና ቆመ። ያን ጊዜ ወፍጮው ውስጥ የነበረው ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በደንብ ያልደረቀ የሽሮ እህል ነው። ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ደፈነው። የእህሉ ባለቤት የሆነች ሴት «ኧረ ቅመሜ እዚያው ቀረ!» እያለች ትጮሃለች። አያ ሙሉሰው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ክዳኑን አንስቶ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገባና መጎርጎር ጀመረ።

ጽጌሬዳ ሳጥኑ ጋ ናት። በእሷና በአያ ሙሉሰው መካከል የተቆለለ ጆንያ ስላለ አታየውም። እኔ አየሁት። ስክሪኑንም ከርቀት አየሁት፤ ሦስተኛውን ሞተር ሊያስነሳ ቢጫ ቁጥር ወደ ታች ይቆጥራል። ሃያ… አሥራ ዘጠኝ…

ጮኽኩ። ሁለቱ ወፍጮዎች ድምፄን ዋጡት። ወንጌላዊት ከጀርባዬ ማልቀስ ጀመረች። ሚዛኑ ላይ ቆምኩና የራሴን ክንድ በሌላው እጄ እስከ ክርኔ ይዤ አሳየኋት። ጽጌሬዳ አየችኝ። አንድ አፍታ አልገባትም። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ሰባት፣ ስድስት…

የዋናውን ብሬከር እጀታ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ጣለችው።

ሁሉም ጸጥ አለ። አምፖሉም፣ ወፍጮውም፣ ሳጥኑም። የሰማሁት የልጄን ለቅሶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወረፋው ተንጫጫ፤ «ማን አጠፋው? ምን ሆነች ይቺ ልጅ?» ጽጌሬዳ ማንም መልሶ እንዳያነሳው እጀታውን አልለቀቀችም።

አያ ታከለ ከሩብ ሰዓት በኋላ እየሮጡ ደረሱ። አምባቸው ከጎንደር ሆኖ ማሽኑ እንደጠፋ በስልኩ አይቶ ደውሎላቸዋል። «ነካሽው?» አሉ።

«አዎ።»

«አትንኪ ብዬሽ!»

መልስ የሰጠው አያ ሙሉሰው ነው። እስከ ክርኑ ሽሮ የለበሰ ክንዱን ፊታቸው ዘረጋ። «አያ ታከለ፣ የሙከራው ውጤት ይኸውና። ጣቶቹን ይቁጠሩልኝ፤ እኔ አልቻልኩም።»

እርሳቸው አልቆጠሩም። ክንዱን ያዙት። ከዚያ ራሳቸው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

ዕቃው አልተነቀለም። ሁለተኛው ሞተር ሲከፈት ኩሽኔታው እንዳለው ተበልቶ ተገኘ፤ ይህን ጽጌሬዳም አልካደችም፤ «ጆሮው ከእኔ ይበልጣል» አለች። ግን ውሉን ለማደስ ሲጠሯት ሦስት ነገር ጠየቀች። ዕቃው የቆመ ሞተር በራሱ እንዳያስነሳ፤ በየወፍጮው ቁልፍ ያለው ማጥፊያ ተገጥሞ ቁልፉ በፈጪው ኪስ እንዲሆን፤ የዓመቱን ሥራ ዕቅድ እሷ እንድትመራ። አያ ታከለ ስድስት ወር ፈረሙላት። እንደ ድሮው ዓመት አልሰጧትም።

ያን ሰሞን ሚዛኑ ጋ ተቀምጣ አጽዋማቱን፣ የገበያ ቀናቱን፣ የመኸሩን ጊዜ፣ ሠርግ የሚበዛበትን ወር አንድ በአንድ አስገባችለት። እኔ ተናደድኩ።

«የቀረሽን ሁሉ አስረከብሽው እኮ! ከስድስት ወር በኋላ ምን ትሆኛለሽ?»

«እኔም እፈራለሁ» አለችኝ። «ንድፍ ማውጣት፣ ሒሳብ መሥራት፣ ብልሽት መፈለግ፣ ብዙው ከእጃችን ይወጣል። የእኔ ትምህርት ቤት ጓደኞች ግማሾቹ ከአሁኑ ሥራቸውን ትተዋል። እኔ ግን ዕቃው የማያየው ቦታ ላይ መቆምን እየተማርኩ ነው። ዕቃው አይከል ሲገባ የምተክለው እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ።»

«እሺ አሉሽ?»

«እናያለን አሉኝ።»

ይህን ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት መጀመሪያ አፈረች። በኋላ ግን፣ ለሚያነበው ሰው አንድ ነገር ንገሪልኝ አለችኝ፤ እንደተናገረችው አስቀምጠዋለሁ፦

«ሥራ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገባ፣ ሥራውን የሚወስድበት ሰው መጥቶ ስጋቱን ቢነግራችሁ፣ ለእንጀራው ነው ብላችሁ አትለፉት። ለእንጀራውም ይሁን፤ እኔም ለእንጀራዬ ፈርቼ ነበር። ግን እባካችሁ መጀመሪያ የሚሰጋበትን ቦታ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ፤ ከዚያ በኋላ ወስኑ።»