የደረጃው በርና አራት ድንጋዮች

«ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «በር እከፍታለሁ፣ በር እዘጋለሁ» እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን አልዋሸሁም። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ፎቅ ካለበት ሁሉ እየዞርኩ እሳትና ጭስ እንዲያግዱ የተሠሩትን የደረጃ በሮች እመረምራለሁ። በሩ ሲለቁት በራሱ ይዘጋል ወይ? ሲዘጋስ የመዝጊያው ምላስ ገብቶ ይይዛል ወይ? በበሩና በመቃኑ መሃል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው ወይ? ለክፍተቱ ደህና መለኪያ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ እኔን የሚቀናኝ ግን ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ደርቦ ማስገባት ነው። እነሱ ሰተት ብለው ካለፉ ጭሱም ያልፋል። የኔ ወረቀት ካልተያያዘ የሕንፃው የመጠቀሚያ ፈቃድ ስለማይታደስ ባለፎቆቹ ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል፣ እጃቸው ግን ለስላሳ ይከፍትልኛል።

ከሁሉም የማልረሳው አንዲት ሴትዮ ያሠሩትን ባለ አራት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከቤሌ ቅቤ እያመጡ ሲሸጡ ኖረው ነው ያን ፎቅ ያቆሙት። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው «እትዬ» እላቸዋለሁ። ቁጡ ናቸው። እኔም ከሳቸው አልሻልም፤ ሁለታችን ስንነጋገር መንገደኛ የተጣላን ይመስለዋል።

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀር ለምርመራ ሄድኩ። ክፍሎቹ ለበዓሉ በሙሉ ተይዘዋል። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሊያርፉበት ነው። በሩ ላይ የተቀበሉኝ ዘበኛው ናቸው። ከገሱባ የመጡ፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሽማግሌ። «ሳሮ፣ ግባ ልጄ፣ ግባ!» አሉኝ፤ ሳሮ በወላይትኛ ሰላምታ ነው። አማርኛቸው ላይ ወንድና ሴት እንደፈለጉ ይቀያየራሉ፤ እኔን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወንድ አድርገውኛል።

ደረጃውን ከፊቴ ከፊቴ እየወጡ አስጎበኙኝ። አንደኛ ፎቅ ላይ የደረጃው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ በድንጋይ ተደግፏል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። ድንጋዮቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ታጥበው ነጭ ቀለም ተቀብተዋል።

«አባባ፣ እነዚህን ድንጋዮች ማን አስቀመጣቸው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ኮራ ብለው። «ከእርሻዬ ነው ያመጣሁት፣ በአይሱዙ። ይሄ በር ጠባዩ ክፉ ነው። እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ሳይገባ ፊቱ ላይ ይዘጋል። በእንግዳ ፊት ላይ በር የሚዘጋ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ሕጉ እንዲህ ይላል፣ መመሪያው እንዲህ ይላል፣ እሳት ቢነሳ ይህ ደረጃ የጭስ ማውጫ ይሆናል እያልኩ አራቱን ፎቅ ሙሉ ለፈለፍኩባቸው። እሳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ «እግዜር ይጠብቀን ልጄ» ይላሉ። እየተበሳጨሁ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእግሬ ገፋሁ፣ በሮቹ ሲዘጉ አየሁ፣ ቅጼ ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ወረድኩ። ስወርድ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ድንጋይ ቦታው ተመልሷል። ሽማግሌው ቀድመውኝ ወርደው ኖሮ አጠገቡ ቆመው ፈገግ አሉልኝ።

ወረቀቴን ለእትዬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ደገሙት፣ ከዚያ ተነሱ።

«ሰውዬው ይሂዱልኝ» አሉ። «ጊፋታ ደርሶ ፈቃዴን በድንጋይ ሊያስከለክሉኝ ነው እንዴ? ወጣት እቀጥራለሁ።»

ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ስለ በር ነበር፤ እትዬ ያነበቡት ግን ስለ ሰው ነው። ሽማግሌው የሕንፃው መሠረት ከተቆፈረበት ጊዜ ጀምሮ ሲሚንቶውን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ኮፍያቸውን አወለቁ። ያን ቀን ነው ኮፍያቸውን አውልቀው ያየኋቸው፣ ልቤን በላው።

«እትዬ፣ እሳቸውን ለኔ ይተዉልኝ» አልኩ። «በሳምንቱ ለማጣሪያ እመለሳለሁ። እስከዚያ ያስተካክላሉ።»

«በሳምንቱ አንድ ድንጋይ ባይ ድንጋዩም እሳቸውም አብረው ይወጣሉ» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ ሄድኩ። የበዓሉ እንግዳ ገና አልመጣም። እትዬ እያጉረመረሙ ፈቀዱልኝና ግቢው ውስጥ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ቆርቆሮውን ደረጃው ሥር አስቀምጬ ቅጠሉን ለኮስኩት፤ እኔና ሽማግሌው አንደኛ ፎቅ ወጣን። በሩ በድንጋያቸው ተደግፎ ክፍት ነው። ጭሱ ትንሽ ቆይቶ ደረጃውን ተከትሎ መጣና ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ኮሪደሩ ገባ። አንሶላ የምትቀይረው ልጅ እያሳለች ከክፍል ወጣች። ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠራረጉ ጭሱን በየበሩ ሲገባ አዩት።

ልጅቷ መስኮት ከፈተች። እኔ ድንጋዩን አነሳሁት። በሩ በቀስታ ሄዶ ተዘጋ። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ሁለታችንም ተመለከትን፤ ደረጃው ጥቅጥቅ ብሎ ግራጫ ሆኗል፣ እኛ ያለንበት ኮሪደር ግን እየጠራ ሄደ። ሽማግሌው መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

«እንግዳው ያለው እዚህ ውስጥ ነው» አሉ። «በሩ የሚዘጋው ጭሱ ላይ ነዋ።»

«እንደሱ ነው አባባ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን እንዲህ አላልከኝም? ሕግ፣ ሕግ ስትል ዋልክ!»

ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። ድንጋዮቹን ራሳቸው አንድ በአንድ ተሸክመው አወረዷቸውና ግቢው ውስጥ ካለው አቮካዶ ሥር ደረደሯቸው፤ አሁን የሰው መቀመጫ ሆነዋል። እኔም ድንጋዩ ስለተነሳ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ሦስተኛው ፎቅ ይዋሻል» አሉኝ ሽማግሌው።

«ምኑ ነው የሚዋሸው?»

«በሩ። ሌሎቹ ሲዘጉ ሁለት ቃል ይላሉ፣ ዱብ፣ ቀጭ። እሱ ግን ዱብ ይልና ዝም።»

ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት የሠራሁበትን ሥራ ዘበኛ ሊያስተምረኝ? «መርምሬዋለሁ እኮ አባባ፣ ጽፌዋለሁ» አልኩ።

«ጽፈሃል» አሉ ረጋ ብለው። «አልሰማኸውም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስብ የዚያን ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ሳደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ እየጮህኩ ነበር። በማግስቱ ማልጄ ሄጄ በሩን ለቀቅሁት። ተዘጋ፣ ያማረ ነው። በአንድ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ግን ተከፈተ። ቀለም ቀቢው ቀለም ስላደረቀበት የመዝጊያው ምላስ አይወጣም፤ እሳት ቢነሳ የሞቀው አየር ራሱ ገፍቶ ይከፍተው ነበር። የኔ ቅጽ ደግሞ ደህና ነው ይላል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በራሴ ሳቅሁ። ማፈሬንም አልደብቅም፣ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁብኝም፤ ቀለሙን የምፍቅበት ቢላ አምጥተው ሰጡኝና ምላሱ እስኪላወስ አጠገቤ ቆሙ።

የማጣሪያው ቀን ደረሰ። የሰፈሩ ሴቶች ለበዓሉ ዳጣ መፍጨት ጀምረዋል፣ በርበሬው ከነሽንኩርቱ በየአጥሩ ይሸታል። እኔ፣ እትዬና ሽማግሌው ከታች ጀመርን። ሽማግሌው በሩን ይለቃሉ፣ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ሳንቲሞቼን አስገብቼ፣ ገፍቼ፣ ስቤ እጽፋለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ሁለቱንም ቃል አለ።

አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ሽማግሌው ኮሪደሩ ውስጥ ገብተው በሩን ይዘው ቆሙ። እኔና እትዬ ግን ደፉ ላይ ጭቅጭቅ ጀመርን። በኮሪደሩ ዳር ቀድመው የደረሱ ሁለት የበዓል እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ያዩናል።

«ሦስተኛውን በር እኔ አልፌዋለሁ፣ ያገኙት እሳቸው ናቸው» እላለሁ።

«ታዲያ አንቺን ለምን ጠራሁሽ?» ይላሉ እትዬ። «ደግሞስ ዛሬ ድንጋይ አነሱ፤ ነገ እኔ ዞር ስል፣ እንግዳ ሲያፈጥባቸው፣ መልሰው ቢደግፉትስ? ሰው ጠባዩን አይተውም። እኔ ወጣት ለመቅጠር ቆርጫለሁ።»

ሽማግሌው ይሰማሉ። የሚወራው ስለሳቸው መሆኑን ያውቃሉ። በሩን ይዘው «ወይ ግቡ፣ ወይ ውጡ» አሉ በትሕትና። እትዬ አልሰሟቸውም። እኔም ትከሻዬን በሩ ላይ አስደግፌ መልስ እመልሳለሁ። «ልጄ፣ በር ነው» አሉኝ ደግመው። ከዚያ ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ወደ ደረጃው መለሱኝ፣ እትዬንም አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ጠይቀው ወደዚያው መለሷቸው፣ በሩንም ለቀቁት።

ዱብ፣ ቀጭ።

እኔና እትዬ ደረጃው ላይ ቀረን። በመስታወቱ ሳይ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። በቤቱ ባለቤት ፊት ላይ በር ዘግተዋል። የእትዬን ፊት ለማየት ፈራሁ። እትዬ በሩን ገፉት፣ አልተከፈተም። መስታወቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የቅቤ ገበያ ዘመናቸውን የሚያስታውስ ሳቅ ለቀቁት፤ የደረጃውን ብረት ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ።

«በገዛ ቤቴ!» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ እኚህን ሰውዬ ማን ደፍሮ ያባርራል?»

እጀታውን መያዝ ይችሉ ነበር። አልያዙም። በጣታቸው የራሳቸውን በር አንኳኩ። ሽማግሌው ከፈቱልን፣ «ሳሮ፣ ግቡ» አሉ፣ እኛም ገባን። ከኋላችን በሩ ሲዘጋ ሦስታችንም ጆሯችንን አዘንብለን ሁለተኛውን ድምፅ ጠበቅን።