የሸዋወርቅ ውሻና የሁዳዴ ሥጋ

ሸዋወርቅ በሁዳዴ የእስላም ሥጋ በላች ተብሎ ስሟ ከባቡር ጣቢያ እስከ መናኸሪያ ሲንከባለል፣ ከሰፈሩ ሰው እውነቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሷና እኔ። ሰው «አንቺ የሰማሽው አፍሽ ውስጥ አያድርም» ይለኛል። አልዋሹም። ይቺን ግን አሳድሬያታለሁ፤ ያውም ስንት ዘመን። አሁን ሸዋወርቅም አፈር ለብሳለች፣ የከሰሰቻት መሰለችም ተከትላታለች። ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል?

ሸዋወርቅ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ ናት። እሷ ስታስል እኔ «ይማርሽ» የምላት ዓይነት። ባሏ በጊዜ ሞቶባት፣ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ለመንገደኛ ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል እየሸጠች ዘገዬን አሳደገች። ሌላ ልጅ የላትም። ዘገዬ ዝምተኛ ነው፤ ሩሲያ ይሁኑ ጀርመን ለይቼ የማላውቃቸው ፈረንጆች ግቢ አትክልት ያጠጣ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጣና ስሙ ተጠራ። ሊሄድ ሲል አንዱ ፈረንጅ ቡችላ ሰጠው። ቡችላ ስላችሁ የኛን ሰፈር ውሻ እንዳታስቡ። ገና ጡት እንደተወ መዳፉ የኔን ጡጫ ያክላል። ዘገዬ አምጥቶ እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠውና «እማዬ፣ አደራ። እንዳይሞትብኝ» አላት። በነጋታው ልጁን ካሚዮን ላይ ጫኑት።

ሰሜን ነው አሉ የወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሸዋወርቅ አፍ አውጥታ አትናገረውም እንጂ፣ በሷ ልብ ልጁና ውሻው ባንድ ገመድ ታስረዋል። አንዱ ከተበጠሰ ሌላውም ያልቅለታል።

ፈረንጁ ያወጣለት ስም ምላሷ ላይ አልሄድ ስላላት «ይመጣል» አለችው። ልጇ ዘገዬ፣ ውሻው ይመጣል፤ እኔ በዚህ ስንት ጊዜ ስቄባታለሁ። አንድ ማታ በሯ ላይ ቆማ «ይመጣል! ይመጣል!» እያለች ስትጣራ የቀበሌው ጥበቃ ገርባ ሰማ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ማነው የሚመጣው?»

«ውሻው ነው ጌታዬ።»

«ስሙ ነው ይመጣል፣ ወይስ ውሻው ነው የሚመጣው?»

«ሁለቱም» አለችው።

ገርባ ጠመንጃውን መልሶ አነገተና «ሌላ ስም ብታወጪለት ይሻልሻል» ብሏት ሄደ። አላወጣችለትም።

ታዲያ ምን አበላችው? እሷ የምትበላውን ነዋ። እንጀራ በሽሮ፣ ቅቅል ድንች፣ ሲገኝ የወተት እጣቢ። ሁዳዴ ሲገባ ወተቱም ቀረ፤ ውሻውም ከሷ ጋር ጾመ። ቁመቱ ይሄዳል፣ እግሩ ግን አልከተል አለ። የፊት እግሮቹ እንደ ማጭድ ጎበጡ። መቆም ተሳነው፤ በጉልበቱ መዳህ ጀመረ። በነጠላ አዝላው የከብት ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችው። ያንን የሚያህል ፍጥረት ስታዝል ሰው ቆሞ ያያል። እኔም ወሬው እንዳያመልጠኝ አብሬ ሄድኩ።

ሐኪሙ መርጋ የሚባል የአርሲ ልጅ ነው፤ ጴንጤ ነው ይሉታል። አማርኛው ላይ «አንቺ»ና «እርስዎ» ይምታቱበታል እንጂ ሰው ያከብራል።

«አካም ጂርቱ፣ እናቴ። ይሄ ምን ይበላል?»

«እኔ የበላሁትን።»

«አይሆንም። ይሄ ትልቅ ዘር ነው። አጥንቱ ቶሎ ቶሎ ያድጋል፤ ሽሮ አይሸከመውም። የተቀቀለ ተዪ። ጥሬ ስጪው።»

«ጥሬ?»

«ጥሬ። ግን ባንዴ አይደለም። ዛሬ ከለመደው ጋር ትንሽ ደባልቂ፣ ነገ ጨምሪ፣ ሌላውን እየቀነስሽ። መጨረሻ ላይ ጥሬ ብቻ ይሁን።»

መርቀነው ወጣን። አሁን እናንተ ትስቁ ይሆናል። ጥሬ ማለት ግን በቄራ ሌላ ነው፣ በጎተራ ሌላ። ሁዳዴ ገብቶ፣ ቢላ ሁሉ ታጥቦ ተሰቅሎ፣ ክርስቲያን ሰው «ጥሬ» ሲሉት የሚታየው ባቄላ ነው። ሸዋወርቅም ባቄላ ዘፈዘፈች። ጠጠሩን የለቀምኩላት እኔ ነኝ። «ደግሞ ጥሩ ሐኪም ነው፣ ጾማችንን አወቀልን» ተባብለናል።

መርጋ እንዳለው ቀስ በቀስ ነው የሰጠችው፤ ትእዛዝ ማክበር ታውቃለች። ባቄላው እየበዛ፣ እንጀራው እያነሰ ሄደ። ባቄላ ብቻ የሆነ ጊዜ ውሻው ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ያቃስታል። የበላውን ባቄላ ሳይላመጥ እንዳለ ያስመልሰዋል። ሸዋወርቅ ገበያዋን ትታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እጇን ከሆዱ አላነሳችም።

«ገደልኩት ልጄን» አለች።

«ውሻውን በይ እንጂ» አልኳት።

«ውሻውን» አለች። ፊቷን ግን ወደኔ አላዞረችም።

መርጋ ዘንድ ተመለስን። አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ሰጠሽው?»

«ጥሬ ነዋ።»

«የምን ጥሬ?»

«ባቄላ። ዘፍዝፌ።»

መርጋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየን። «እናቴ፣ ይሄ ውሻ ነው ወይስ በቅሎ?»

«አንተ ነህ ጥሬ ያልክ።»

«ሥጋ ነው ያልኩሽ።»

«ሥጋ አላልክም ልጄ። ጥሬ አልክ እንጂ ሥጋ የሚል ከአፍህ አልወጣም። ደግሞስ ሁዳዴ ነው እኮ።»

«ውሻው አልተጠመቀም» አለ መርጋ። መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ የውሻውን እግር ሲነካካ ግን ሳቁን ተወው። መድኃኒት አጠጣውና ቁርጡን ነገራት። ጥሬ ሥጋ፣ ልብ፣ ሳንባ፣ ለስላሳ አጥንት ከነመቅኔው ካላገኘ እግሩ እንደጎበጠ ይደርቃል። ከደረቀ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ከሚኖር ወግቶ መግደሉ ይሻላል አላት። እንደገና አስጠነቀቃት፤ ሆዱ የታመመ ስለሆነ በጣት ቁንጥር ጀምሪ አላት። መርጋን ብዙም ሳይቆይ ወደ ቡልቡላ አዛወሩት፤ ምስክር ብንፈልግ እንኳ እሱም አልነበረም።

ዘመኑን ልንገራችሁ። ሰባ ሰባት ነው። ድርቁ ሰው የጨረሰበት። ባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ከሰሜን የተሰደዱ ሰዎች ተኝተዋል፤ መነሳት የሚችለው ይለምናል፣ የማይችለው ያያል። ሸዋወርቅ ብርቱካን የምትሸጠው እነሱ ፊት ነው። ቀበሌው በየስብሰባው «ለወገን ደራሽ ወገን ነው» እያለ እህልም ልብስም ያስወጣናል። በዚያ ላይ ክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። የሚሠራው ከወደ አላባ የመጣው የራህመቶ ሥጋ ቤት ብቻ።

ሸዋወርቅ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባች።

«እማማ» አላት ራህመቶ፣ «መንገድ ተሳሳቱ?»

«ሳንባና ልብ ስጠኝ። ደረት አጥንትም።»

«ሰለሙ እንዴ? እኛ ሳንሰማ?»

«ቁረጥ አንተ፣ አታውራ» አለችው።

ዘንቢሏ ውስጥ ከታች ሥጋ፣ ከላይ ጎመን አድርጋ ታመጣለች። የምታልፈው በዚያ አጥር ሥር ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ያልተሸጠውን ብርቱካን አዳርሳቸው ነው የምታልፈው። «ብርቱካኑን ሲቀበሉኝ ይመርቁኛል» አለችኝ አንድ ቀን። «ከታች ያለውን ቢያዩት ምን ይሉኝ ነበር?» ጎመኑን ከላይ አስተካከልኩላት። 

ውሻው መጀመሪያ ሥጋውን አሽትቶ ተወው፤ ባቄላው ያስፈራው ይመስለኛል። በጣት ቁንጥር እንጀራ ውስጥ ደብቃ ሰጠችው። አስመለሰ። ቀነሰችለት። ያዘ። ጨመረች። ከዚያማ ሳንባውን ከእጇ ይነጥቃት ጀመር። አጥንቱን ሲሰባብር በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ እኔ ሙቀጫ እወቅጣለሁ። ባዶ ሙቀጫ። አንድ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ይመጣል በአራት እግሩ ተነስቶ፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተወዛወዘ፣ ወደሷ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና ወደቀ። ሸዋወርቅ እልል አላለችም። ዙሪያዋን ነው ያየችው፣ ማን አየኝ ብላ።

የያዘቻት መሰለች ናት። የማርያም ማኅበራችን አለቃ፣ ባሏ የቀበሌ ሹም። መንገድ ላይ ሰላም ልትላት ቆመችና ዘንቢሉን አየች።

«ሸዋዬ» አለቻት፣ «የዘንድሮ ጎመን ይደማል እንዴ?»

ሸዋወርቅ ዝቅ ብላ ስታይ፣ እውነትም ከዘንቢሉ ሥር ጠብ ጠብ ይላል።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። ማታውኑ «በጾም ሥጋ በላች» ሆነ። በነጋታው «ሰለመች» ሆነ። ሳምንቱ ሳያልቅ ራህመቶን ልታገባ ነው ተባለ፤ ራህመቶ ሁለት ሚስት እንዳለው እየታወቀ። ጣቢያ ላይ ብርቱካኗን የሚገዛት ጠፋ። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ ምላሴ በላኝ። ሮጬ ገባሁና «ለውሻው ነው ልበላቸው?» አልኳት።

«በይ ንገሪያቸዋ» አለችኝ። «ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዓመት ሸዋወርቅ ለውሻ ጥሬ ሥጋ ትቆርጣለች በያቸው። ለሰው በድግስ የሚቀርበውን ለውሻ። ከዚያስ? መሰለች ለባሏ ትነግራለች፣ ባሏ ገርባን ይልካል። ውሻውን እዚሁ በሬ ላይ በጥይት ይሉታል። እኔን ምን እንደሚሉኝም አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እና በላች ይበሉሽ?»

«ለበላ ንስሐ አለው። ለሞተ ምን አለው?»

ማኅበሩ ያን ወር እኔ ቤት ነበር። ንፍሮው ቀርቦ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ማንም አልነካውም። የነፍስ አባቷ መምሬ ተክለሃይማኖት ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። መሰለች ገና ጸሎቱ ሳያልቅ ጀመረች።

«አባታችን፣ ከዚህ ጽዋ ጋር ከንፈሯን የምታገናኝ፣ የእስላም ሥጋ የቀመሰች እህት አለችን። ትናገር እንደሆነ ትናገር፣ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ።»

«ሸዋወርቅ» አሉ መምሬ ቀስ ብለው፣ «ሥጋውን ገዝተሻል?»

«ገዝቻለሁ አባቴ።»

«ለማን?»

ይኸው መጣ።  እኔ ማድጋዬን እንደያዝኩ አፌን ልከፍት ስል፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሸዋወርቅ የእግሬን ጣት በተረከዟ ረገጠችኝ። አጥንቴ እስኪነዝረኝ።

«ለራሴ» አለች። «ርቦኝ በላሁ።»

መሰለች ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። መምሬ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ያመኗት አይመስለኝም፤ ሰው ስንቱን ኃጢአት ሲናገር ሰምተዋል፣ እንዲህ ዓይናቸውን ትክ ብሎ እያየ የሚናገር አያውቁም። ግን በራስዋ አፍ ብላለች፤ ምን ያድርጉ? ቄደር ይደገምባት ተባለ፤ ከሃይማኖቱ የወጣ ሲመለስ የሚረጨው ውኃ። ስግደት ታዘዘባት። ሁሉ በሚፈስክበት በሃምሳውም ሥጋ እንዳትቀምስ ተፈረደባት። ማኅበሩም የጽዋ ተራዋን ዘለላት።

የፋሲካ ዕለት ዶሮዬን ይዤ በጓሮ ገባሁ። ሸዋወርቅ ሽሮ ቀርቦላታል። ይመጣል ደጃፏ ላይ ተዘርግቶ አጥንት ይግጣል፤ ራህመቶ ዓይኑን ሳያሽ የላከላት ነው።

«አንድ ጉርሻ» አልኳት። «ያልበላሽውን ሥጋ መጾም ምን የሚሉት ነው? ማን ያይሻል?»

«ተይኝ» አለች። «ዋሸሁ እንጂ ንስሐውን በውሸት አልጾምም።»

ዶሮውን እዚያው ተቀምጬ እኔ በላሁት። ምን ላድርግ፣ ቀዝቅዞ ነበር።

ዘገዬ ከርሞ በፈቃድ መጣ። ከሳ፣ ጠቆረ፤ ዓይኑ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። በሩን ሊከፍት ሲል ጥጃ የሚያህል ውሻ ደረቱን ሰጥቶ ቆመበትና አላስገባም አለው። ሸዋወርቅ አንገቱን ይዛ «ይመጣል፣ ተው፣ እሱ ነው» ስትለው ነው የለቀቀው። ያን ዕለት ስታለቅስ አየኋት።

ማግስቱን ልጁ ጠላ ቤት ዋለ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። እኔ እናቱ ዘንድ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፤ ውጪ አላለኝም፣ እኔም አልወጣሁም።

«እማዬ፣ ሰው የሚለው እውነት ነው?»

«ምን አለ ሰው?»

«በሁዳዴ። የራህመቶን ሥጋ።»

«ማኅበሩ ፊት አዎ ብያለሁ።»

«ለኔስ ምን ትይኛለሽ?»

«ላንተማ ውሻህን በአራት እግሩ አቁሜ ሰጠሁህ» አለችው።

 ዘገዬ ውሻው አጠገብ ቁጢጥ አለና የፊት እግሩን ከትከሻው እስከ መዳፉ በእጁ ዳሰሰ፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ብድግ ብሎ ኮቱን አነሳ።

«ወዴት?»

«መሰለች ቤት። አሁኑኑ እነግራታለሁ።»

«ተቀመጥ» አለችው ሸዋወርቅ። «አንተ ነገ ትሄዳለህ። ውሻው ግን እዚሁ ነው፣ የገርባ ጠመንጃም እዚሁ ነው።»

ልጁ ኮቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ቆመ፣ ቆመና ተመልሶ ተቀመጠ።