የጋሽ ታደለ ቢላ

ጋሽ ታደለ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ምሳ ጋብዘውን፣ ልጃቸው ከጃፓን ያመጣላቸውን ቢላ ያሳዩናል።

"የተሠራባት ትንሽዬ ከተማ ናት አሉ። ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ ስንት ዘመን ብረት ሲቀጠቅጡ! አገሩ እንዴት እንደሚያከብራቸው!"

ብረቱ ላይ የመዶሻው ዱካ ይታያል። ቀጥቃጩ አባቴ የሚሠራው ቢላም እንዲሁ ነበር። የከሰሉ ሽታ መጣብኝ።

ያኔ አገር ቤት፣ እኚሁ ሰውዬ፣ ጎረምሳ ሆነው፣ ያሠሩትን ቢላ ሊወስዱ ደጃችን ቆመው አባቴን፣ "ከቡዳ እጅ አልቀበልም፤ መሬት ላይ አስቀምጠው" አሉት።

አስቀመጠው። ሲሄዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቢላዬ ቤታቸው ገብቶ ሥጋ ይቆርጥላቸዋል፤ እኔን ግን ደጃቸውን አያስረግጡኝም" ብሎ ሳቀ። እኔ እስከ ዛሬ አልሳቅሁም።

"እንቺ እስቲ፣ የኔ ልጅ፣ ያዢው" አሉኝ ጋሽ ታደለ፣ እጀታውን ወደ እኔ አዙረው።

"መሬት ላይ ያስቀምጡልኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው።