ሳይከፈት የሚድን ቁስል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ «አትንካካው!» እያለ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ የገዛ እኅቱ እግር ላይ ሲደርስ እጁን መሰብሰብ ያቃተው ለምንድን ነው? ሰፈርተኛው የመሰለውን ይላል። እኅቱን የምታክመው ዶክተርም የመሰላትን ትላለች። ራሱን ጋሼ ፋሻን የጠየቀ ሰው ግን የሚያገኘው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሁለት እጆቹን ገልብጦ የሰው እጅ እንደሚያይ ያያቸዋል፣ ከዚያ ኪሱ ይከታቸዋል።

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት እኅቱና የጡረታ መዝገቡ ብቻ ናቸው። ለቀረው ዓለም ጋሼ ፋሻ ነው። በጤና ጣቢያው መተላለፊያ ጫፍ ላይ ካለችው ጠባብ የቁስል ክፍል ድሬሰር ሆኖ ገባ፣ ድሬሰር ሆኖ ወጣ። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ እግሩ አጭር የሆነ ጠረጴዛ፣ መቀስና መቆንጠጫ የሚዘፈዘፉበት ሳህን፣ የአዮዲን ጠርሙስ፤ ሌላ ነገር አልነበራትም። የተቃጠለውም፣ ምስማር የወጋውም፣ ውሻ የነከሰውም በዚያች በር እያነከሰ ገብቷል። የጋሼ ፋሻ ደንብ አጭር ነበር። ቁስል በየቀኑ ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ ጥሩ ደም እስኪያሳይ ይፈተጋል፣ በንጹሕ ፋሻ ይታሰራል። በሽተኛው ሲጮህ «ጩህ፣ ጩህ፤ ካመመህ ሥጋው አልሞተም ማለት ነው» ይለዋል። ሲያሰናብተው ደግሞ ጣቱን ቀስሮ «አትንካካው! እዚህ ላይ እጅ የሚያሳርፈው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ!»

ጡረታ ሲወጣ ሰውዬው አረፈ፣ እጁ ግን አላረፈም። ያገኘውን ሁሉ ይጠቀልላል። የአውቶቡስ ትኬት፣ የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ፣ ያላነበበውን ጋዜጣ፤ አንድ ጊዜማ ስብሰባ ላይ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ክራቫት ጫፍ ይዞ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ሻይ የጨረሰበት ቀን አይታወቅም።

«መቀመጫህ ላይ ምስማር አለ እንዴ?» ትለዋለች እኅቱ።

በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ እትዬ ነው የሚላት። የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረችና ቤት ውስጥ እንኳ ስትናገር መስመሩ የራቀ ይመስል ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወንድሟን ወደ ቤቷ አመጣችው፤ ወይም እሱ እንደሚለው፣ እሷን ለመጠበቅ ገባ። ስኳር ከያዛት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስኳሩ ቀስ እያለ የእግሯን ስሜት ወስዶባታል። አንድ ቀን ከኮቷ የተበጠሰ ቁልፍ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ከጠዋት እስከ ማታ ስትረግጠው ዋለች፤ ምንም አላወቀችም። ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ ቀልቷል። ቁልፉ ከአውራ ጣቷ ሥር ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ጋሼ ፋሻ ስድስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከፈተ፣ አጠበ፣ ፈተገ፣ አሰረ። ቁስሉ አልሰማ አለ። ጭራሽ ወደ ውስጥ መቦርቦር ጀመረ። ከሁሉ በላይ የጋሼ ፋሻን ሆድ የሚበላው ግን ዝምታዋ ነበር። እሱ ሲፈትግ እሷ መነጽሯን አድርጋ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ትሞላለች።

«ያምሻል፣ እትዬ?»

«ኧረ ምንም! ይልቅ ባለ አምስት ፊደል ወንዝ ንገረኝ።»

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄዱ። ቀዶ ሐኪሙ ጥቂት ቃል የሚናገር ሰው ነው። ቁስሉን አየ፣ ራጁን አየ፣ «አጥንቱ ገና አልተነካም። አንድ ሳምንት እንሞክራለን። በሚመጣው ሰኞ መዝጋት ካልጀመረ የእግሯን ግማሽ ከፊት እንቆርጣለን» ብሎ ወጣ። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ዝቅ አለ። «ግማሽ እግር ጫማ ይሠራለታል እንዴ?» አለች።

ሙከራውን የያዘችው ዶክተር የሰፈራቸው ልጅ ናት። አገጯ ላይ ያለችው ቀጭን ጠባሳ የጋሼ ፋሻ ሥራ ናት፤ ሰባት ዓመት ሲሆናት ከደረጃ ወድቃ እሱ ነው ያሰረላት። ከታሸገ ፖስታ ውስጥ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር በመቆንጠጫ አወጣች።

«የሽንኩርት ልጣጭ ነው?» አላት ጋሼ ፋሻ።

«ከሸርጣን ቅርፊት የተሠራ ነው፣ ጋሼ። የጌጥ ብር ዱቄት አለበት፤ ጀርሙን የሚገድለው እሱ ነው።»

«ጣቴ ላይ ያላደረግኩትን ጌጥ በእግሬ ላደርግ ነዋ!» አለች እትዬ።

«ቁስሉ ላይ ይደረጋል፣ በላዩ ይታሸጋል፣ ሰባት ቀን አይከፈትም።»

«ስንት ቀን?»

«ሰባት።»

«ከዚያስ ማን ያወጣዋል?»

«ማንም። ግንበኛ ግድግዳ ሲሠራ የሚቆምበትን የእንጨት መወጣጫ ያውቁት የለ? አዲሱ ሥጋ ይሄን ተደግፎ ነው የሚያድገው። ሥጋው ራሱን ሲችል መወጣጫው እዚያው ሟሙቶ ይጠፋል።»

«ሰውነቷ ይበላዋል በይኛ።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

ከዚያ ስስ ፕላስቲክ ቁስሉ ላይ ዘርግታ የጠርዙን ዙሪያ በእስክሪብቶ ነደፈች። ቁስሉ ጠቦ ከዚያ መስመር ወደ ውስጥ ከገባ እግሯ ተረፈ ማለት ነው። ፕላስቲኩን አንስታ ያን የሸርጣን ቅርፊት ሽፋን አስቀመጠች፣ አሸገች። ሽፋኑ ሁለት ብቻ እንደሆነም ነገረቻቸው፤ አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ለሚቀጥለው ሳምንት። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ማክሰኞ ጋሼ ፋሻ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ረቡዕ የማያንጠባጥብ ቧንቧ ፈታ፣ መልሶ ሲያስረው ማንጠባጠብ ጀመረ። እግሩ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እትዬ እግሯን የምታሳርፍበት በርጩማ አጠገብ ነው። ያያል፣ ያሸታል፣ ይነሳል። ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ሐሙስ ጠዋት የፋሻው ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚያህል ቢጫ እርጥበት አየ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። አንድ ነገር ሸተተው፤ ወይም የሸተተው መሰለው። እትዬ እንቆቅልሿን ይዛለች። መቀሱን መቼ አነሳው? የጨው ውሃውን መቼ አፈላው? በኋላ ሲያስበው ያ ሁሉ የለም፤ የሚያስታውሰው ፕላስተሩ ሲነሳ ያየውን ብቻ ነው። ቁስሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቢጫ፣ ወፍራም፣ የሚለጠጥ ነገር።

«መግል!» አለ ለራሱ።

እጁ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። አጠበ፣ በጎዝ ጨርቅ ፈተገ፣ ደም እስኪመጣ ፈተገ። ደሙ ሲመጣ እፎይ አለ። ጎዙን ሊጥል ሲል ግን መስኮቱ አጠገብ ቆም ብሎ አየው። ከዝልግልጉ መሀል እንደ ቀይ አሸዋ ያሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ተጣብቀዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቁስል ያየ ዓይን ያንን አይስትም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው አዲስ ሥጋ ነው። በገዛ እጁ ፍቆ አውጥቶታል።

ያን ጊዜ እትዬ ከጋዜጣው ቀና አለች። ወለሉ ላይ ያለውን ውሃ አየች፣ የተፈታውን ፋሻ አየች።

«ምን እየሠራህ ነው አንተ?» አለች። የተደረገባትን አንዱንም አልሰማችውም ነበር።

ታክሲ ይዘው ሄዱ። ጋሼ ፋሻ ጎዙን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለዶክተሯ ዘረጋላት። ዶክተሯ ገልጣ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«መግል መስሎኝ ነው፣ ልጄ» አለ።

«መግል አይደለም። ሽፋኑ ሲሟሟ እንደዚያ ነው የሚሆነው።» ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «እኔም አጥፍቻለሁ። ሰባት ቀን አልኩዎት እንጂ መልኩ ምን እንደሚመስል አልነገርኩዎትም። ለሌላ ሰው እነግር ነበር። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

ወደ ቀዶ ሐኪሙ ገብታ ብዙ ቆየች። የተሰጣት እስከሚመጣው ሐሙስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን የለም። የቀረችውን አንዷን ሽፋን አስቀመጠች፣ አሸገች፣ ከዚያ ፕላስተሩና ቆዳው በሚገናኙበት ላይ በእስክሪብቶ ፈረመች፤ አንድ ጫፉ ፕላስተሩ ላይ፣ አንድ ጫፉ እግሯ ላይ።

«ሰው እንደ ፖስታ ታሸገ!» አለች እትዬ። ሳቋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያሳርፉ አልልዎትም፤ አያርፍም። ስለዚህ ሥራ ልስጥዎት። ቁስሉን ሳይሆን ዙሪያውን ይጠብቁ። ቅላት ካለ ጠርዙን በዚህ እስክሪብቶ ያስምሩበት። ከመስመሩ ካለፈ፣ እግሯ ካበጠ፣ ካተኮሳት፣ በሌሊትም ቢሆን ይጥሩኝ። ካልሆነ ግን ቢጫው ቢፈስም አይክፈቱ።»

የዚያን ሳምንት ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። ጋሼ ፋሻ በየሁለት ሰዓቱ የእጁን ጀርባ እኅቱ ቅልጥም ላይ ያደርጋል፣ መስመሩን ያያል፣ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል። በመሀል ደጅ ወጥቶ እስከ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፣ አጥሩን ይዞ ይቆማል፣ አንድ ነገር የረሳ ይመስል እየሮጠ ይመለሳል። እትዬ ስላሳዘናት ያረጀ የሱፍ ሹራቧን ሰጠችው።

«ተርትረህ ጠቅልልልኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ከእግሬ ላይ ላወርድህ!»

ተረተረው፣ ጠቀለለው። ሲጨርስ ሁለተኛ ሰጠችው።

እሑድ ቢጫው መጣ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ፣ ከዚያ የዶክተሯን ፊርማ መሀል ለመሀል አረጠበው። ጋሼ ፋሻ ተነሳ። ቅልጥሟን ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። መስመሩን አየ፤ ቅላቱ ጭራሽ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። አላመነም። እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠባቸው።

«እትዬ፣ አንድ አናጢ ነበረ» አለ ድንገት።

«የትኛው አናጢ?»

«ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት። ጣቱን መጋዝ ቆርጦት አሰርኩለት። በማግስቱ ተመለስ ማለት ሲገባኝ ከሦስት ቀን በኋላ ና አልኩት። የአንቺ ሠርግ ነበራ። ጨፍሬ ስመለስ ሰውዬው በሩ ላይ ቆሟል፤ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ሁለቱ ተቆረጡ።»

እትዬ ጋዜጣውን አስቀመጠች።

«ለዚህ ነው በየቀኑ የምትከፍተው?»

«እንጃ። ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ፋሻ ታስሮ ሳይ ሥሩ የጠቆረ ይመስለኛል።»

«ሠርጌን ከሰው ጣት ጋር ጠቅልለህ ስትዞር ኖርክ!» ድምጿ እንደ ጥንቱ ከፍ አለ። «ሰውዬውኮ ይሄን ያንተን አልጋ የሠራው ነው! በስምንት ጣት ሠርቶት፣ ሲጨርስ እላዩ ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ አይቼዋለሁ። አንተ በአሥር ጣትህ አንድ ቀን ተኝተህበታል?»

ጋሼ ፋሻ ሊስቅ ፈለገ። እጆቹን ግን ከጭኑ ሥር አላወጣም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዶክተሯ ፊርማዋን በማጉያ መነጽር ሳይቀር መረመረች። አልተነካም። ፕላስተሩን ስታነሳ ጋሼ ፋሻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የጨው ውሃ ሳህን ውስጥ ሲንጠባጠብ ሰማ።

«ጋሼ፣ ይምጡ።»

ቢጫው ታጥቦ ሄዷል። ሽፋኑ የለም፤ የት እንደገባ አይታወቅም። ጉድጓዱን የሞላው ቀይ፣ ፍሬ ፍሬ ያለው፣ እርጥብ ሥጋ ነው። ዶክተሯ ያን የተነደፈበትን ፕላስቲክ አምጥታ ላዩ ላይ ዘረጋችው። ቁስሉ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በአንድ በኩል የስንዴ ፍሬ ያህል፣ በሌላው በኩል ከዚያ ይበልጣል።

ቀዶ ሐኪሙ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ፕላስቲኩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ቢላዋው ይቆይ» አለ። «ሌላ ሽፋን እስኪመጣ በእርጥብ ጎዝ ያዙት። ማንም እንዳይፈትገው።» እየወጣ እያለ ጋሼ ፋሻን አየት አደረገው።

ዶክተሯ አዲሱን ጎዝ ካደረገች በኋላ ፋሻውን ለጋሼ ፋሻ ዘረጋችለት። አላጠበቀም፣ አላላላም፤ እንደዚያ አምሮ የታሰረ ፋሻ ዶክተሯ ከአገጯ ወዲህ አላየችም።

እትዬ በተሽከርካሪ ወንበር ወጥታ መተላለፊያው ላይ ወረቀቷ እስኪጻፍ ትጠብቃለች። ጋሼ ፋሻ አጠገቧ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ አረፍ አለ። አንድ ነገር ሊላት ዞረ፣ ሳይላት ራሱ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ፣ አፉን ከፍቶ ማንኮራፋት ጀመረ፣ እጆቹ ተዘርግተው ጭኑ ላይ ቀሩ። ሰው ይተላለፋል፣ በር ይዘጋል፣ ስም ይጠራል። ፅዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ መጣችና ትከሻውን ልትነካ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው!» አለች እትዬ፣ የስልክ ቤቱ ድምጿ መተላለፊያውን እስኪሞላው።

እሱ አልሰማም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ነበር።