ሊፍታችንና ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሰው

አሌክሳንድሪያ የምኖርበት ሕንፃ ሁለት ሊፍት አለው። በዚያ ዓመት አንደኛው ጨርሶ ሞቶ ነበር፤ ሌላው ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲያሻው ደግሞ በሁለት ፎቅ መካከል ቆሞ ሰው ያስጮኻል። ማኔጅመንት ኦፊስ በሄድን ቁጥር ስለ መለዋወጫው መልሱ አንድ ነው፤ «ፓርት ኦርደር አድርገናል።»

እኔ ደረጃውን እያማረርኩም ቢሆን እወጣዋለሁ። የሚያሳዝኑኝ ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እማማ ነበሩ። ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ከተደረጉ ወዲህ በዎከር ነው የሚሄዱት። ሊፍቱ ሲበላሽ ቤታቸው ውስጥ ይቀራሉ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን እህታቸውንም የሚያገኟት በስልክ ብቻ ነው። ፍልሰታን ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ጾመው ፈቱ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴውን በስልክ ከፍተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዎከሩን ተደግፈው ሳሎናቸው ውስጥ ሲያስቀድሱ አይቼ ደጃፋቸው ላይ የያዝኩት ምግብ እንደከበደኝ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ልጄ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ምርጫው ገና ሩቅ ቢሆንም ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ሰዎች በየሰፈሩ መዞር ጀምረው ስለነበር እሷም ቮሉንቲር ታደርግ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ «ማሚ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰው ቤት ጓሮ ውስጥ ዕጩ ትመጣለች፤ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ።

«ፕሬዚዳንት ልትሆን የምታስብ ሴት ሰው ጓሮ ምን ትሠራለች?» አልኳት። እኔ ባደግኩበት ከተማ ትልቅ ሰው ሲያልፍ መንገድ ይዘጋል፤ ታክሲ ውስጥ ተጣብቀን የጥቁሮቹን መኪናዎች ሰልፍ እናሳልፋለን እንጂ ፊታቸውን አናይም።

ሄድኩ። ታጣፊ ወንበሮች፣ ሎሚ ጭማቂ፣ አጥር ላይ የተቀመጠች ድመት። ዕጩዋ አንድ ወጣት ከሚነዳት ትንሽ መኪና ወርዳ፣ ቀሚሷን አስተካክላ፣ እያንዳንዳችንን ጨበጠችን። ስሜን ጠየቀችኝ። ተሳሳተችና «እንደገና በይልኝ» አለች፤ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ ጠራችው። ልጠይቃት ያሰብኩት ነበረኝ። ሰዉ ግን ስለ ጦርነት፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ፍርድ ቤት ይጠይቃል። በዚያ መሐል የእኛን ሊፍት ለማንሳት አፈርኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ ተቆጣችኝ።

«ዋይ ዲድንት ዩ አስክ? ለምን አልጠየቅሻትም?»

«እንግሊዝኛዬ እንደዚህ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ማሚ፣ ሆቴል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከተናደደ እንግዳ ጋር የምትከራከሪው በምንድን ነው? በአማርኛ ነው?»

አርሊንግተን ውስጥ ሆቴል መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ልጄ እውነቷን ነበር።

ከዚያ ሌላ ዕጩ እኛው ሰፈር ላይብረሪ አዳራሽ መጣ። ረጅም፣ ድምፁ የሻከረ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። ከሌሎቹ ያነሰ ዕድል እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ አዳራሹም አልሞላም ነበር። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። ማይኩን ሲያቀብሉኝ ብድግ አልኩ።

«እኔ ትንሽ ጥያቄ ነው ያለኝ» አልኩ። «በሕንፃችን ውስጥ ሽማግሌዎች አሉ። ሊፍቱ ከተበላሸ ወራት አልፈዋል። ጎረቤቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቅቷቸዋል። ፕሬዚዳንት ቢሆኑ ለእሳቸው ምን ያደርጉላቸዋል?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ማይኩን ይዞ ወደ እኔ ቀረበ።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ ፕሬዚዳንት ሊፍት አያሠራም» አለ። «ግን ጥያቄሽ ትንሽ አይደለም። ሕንፃው የት ነው?»

«ከዚህ በእግር ይደረሳል።»

«ዛሬ ሰዓት የለኝም። ጎረቤቶችሽን ከሰበሰብሽልኝ ግን እመጣለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ልጄ ጆሮዬ ሥር፣ «ማሚ፣ ሁሉም እንደሱ ነው የሚሉት፤ ተስፋ አታድርጊ» አለችኝ።

ሥራ ላይ እያለሁ፣ ከአዳራሹ ስንወጣ ቁጥሬን የወሰደች አንዲት የቅስቀሳው ሠራተኛ ኮል አደረገችልኝ። «ሕንፃችሁ ነዋሪው የሚደግስበት ፓርቲ ሩም አለው?»

«አለው።»

«ስንተኛ ፎቅ?»

«መጨረሻው ላይ። ከላይ።»

«ሊፍቱስ?»

«ጥሩ ጫማ አድርጎ ይምጣ በይው» አልኳት። እስክትደክም ሳቀች። የአካባቢው ቴሌቪዥን ካሜራ ሊከተለው እንደሚችልም ነገረችኝ።

በማግስቱ ፓርቲ ሩሙን ለማስያዝ ማኔጅመንት ኦፊስ ገባሁ። ማናጀሩ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ልደት ነው?» አለኝ።

«አይ። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሊጎበኘን ይመጣል። ከካሜራ ጋር። ሊፍቱ ስለማይታመን በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ካሜራውም ይከተለዋል።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። የዕጩውን ስም ደግሞ ደጋግሞ ጠየቀኝ። በንግግሬ ውስጥ ምንም ማስፈራሪያ አልነበረም፤ ያልኩት የሆነውን ብቻ ነው። እሱ ግን ወንበሩን ስቦ «ተቀመጪ እንጂ» አለኝ። በዚያ ሕንፃ በኖርኩባቸው ዓመታት አንድም ቀን ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት የሊፍት ጠጋኞች መኪና በራችን ላይ ቆመ። ወራት ሙሉ ኦርደር ላይ የነበረው ፓርት ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ይወቀው። ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ሊፍቶች አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ደስታዬ ላይ ንዴት ተደባለቀበት፤ ለካስ ይቻል ነበር! ከዚያ ንዴቱን ተውኩትና የእማማን በር አንኳኳሁ።

«ይሠራል?» አሉኝ።

«ሁለቱም።»

«ሁለቱም?» ዎከራቸውን ያዙና በነጠላ ጫማቸው ኮሪደሩን ተያያዙት። ታች ወረድን፣ ወጣን፣ ደግመን ወረድን። ሎቢው ውስጥ ቆመው እልል ሲሉ አንድ ጋናዊ ጎረቤታችን ከፖስታ ሳጥኑ ዘወር ብሎ አጨበጨበላቸው።

በቀጠሮው ቀን ፓርቲ ሩሙ ጢም አለ። የሳልቫዶር እናቶች፣ ጋናውያን፣ የእኛ ሰዎች፣ ከስካይላይን ሰፈር ድረስ ሰምተው የመጡም ነበሩ። ሰውየው እንደ ቃሉ መጣ። ሊፍቱ እየሠራ፣ እሱ በደረጃ ካልወጣሁ ብሎ ላቡን እየጠረገ ገባ። «እናንተ ለወራት የወጣችሁትን ለአንድ ቀን ልቅመሰው ብዬ ነው» አለ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

ልጄ ናት ስብሰባውን የከፈተችው። «ዛሬ የተሰበሰብነው በእናቴ ምክንያት ነው» አለችና ወደኔ ጠቆመች። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ አንገቴን ልደፋ ነበር፤ ተውኩና ቀና ብዬ ቆምኩ።

እማማ የሰውየውን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ። እኔ አስተረጎምኩ።

«ልጄ፣ ታሸንፋለህ?»

«አይመስለኝም፣ እናቴ» አለ ሳይደብቅ።

«አታውቅም። የእኔ በር ተከፍቷል። ላንተም ይከፈታል። እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ።»

ምርቃቱን ስተረጉምለት ሰውየው ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለው፤ እማማም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

እሱ ከሄደ በኋላ ሰዉ አልተበተነም። አንዷ ስለ ሻጋታ፣ ሌላው በክረምት ስለሚጠፋው ሙቀት ተናገረ። እዚያው የተከራዮች ማኅበር አቋቋምንና ሰብሳቢ እኔን መረጡኝ። የመጀመሪያ ሥራችን ማሞቂያው ነበር። ማናጀሩ ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሳ ስለነበር በረዶው ሳይመጣ ተሠራ።

ሰውየው አላሸነፈም። የእኛ ግዛት በቅድመ ምርጫው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ከውድድሩ ወጣ። ድምፅ መስጫው ቀን እማማን በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ዜግነት ካገኙ ጀምሮ ሲመርጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ?» አሉኝ።

«አለ፤ ወረቀቱ የታተመው እሱ ሳይወጣ ነው። ግን ይተዉት እኮ፣ አሁን ከውድድሩ ወጥቷል። ድምፅዎ የትም አይደርስም።»

«እሱስ እኛን የትም የማይደርሱ ሰዎች ናቸው ብሎ ቀረ? የት ላይ ነው የማጠቁረው?»

አሳየኋቸው። ቀስ ብለው፣ ከመስመር ሳያወጡ አጠቆሩት፤ ወረቀቱንም ማሽኑ ውስጥ በእጃቸው አስገቡ። አስተናባሪዋ «መርጫለሁ» የሚለውን ተለጣፊ ስትሰጣቸው ነጠላቸው ጥለት ላይ ለጠፉት። ውጭ ፀሐይ ወጥቷል። መኪናዬን ስከፍትላቸው ዎከራቸውን አቀበሉኝና፣ «ወደ ቤት አትመልሺኝ» አሉ። «ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ጋ ውሰጂኝ። መጣሁ ብለሽ ደውይላት፤ ምሳ ታዘጋጅ።»